ላፕቶፔ ሊኑክስ ላይ ባትሪ አልበረክት አለው፤ ከየት ልጀምር?

ንጋት_ኮከብ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ 24.04 (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) የተሻገርኩት በቅርቡ ነው። ሁሉ ነገር ተመችቶኛል፣ ባትሪው ሲቀር። ድሮ ስድስት ሰዓት ገደማ ይይዝልኝ የነበረው ላፕቶፕ አሁን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቻርጀር ፍለጋ ያስነሳኛል።

ማሽኑ 12ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ7 ነው። ከኢንቴሉ ግራፊክስ ሌላ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3050 አለው። ባትሪው 54 ዋት-ሰዓት ነው።

እስካሁን ከባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራሞች ቲኤልፒን ጭኛለሁ፣ ኦቶ-ሲፒዩፍሬክን ጨምሬበታለሁ፣ ፓወርቶፕም ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ኦቶ-ቲውን (የቁጠባ ሴቲንጎቹን ሁሉ በራሱ ማብራት) እንዲያደርግ አዝዣለሁ። ለውጥ የለም። ጭራሽ ማውሱ ትንሽ ካልነካሁት ይተኛና ጠቅ ካላደረግኩት አልነቃም ይላል። ከላይ ጥግ ላይ የነበረው የፓወር ሞድ ምርጫም ድራሹ ጠፍቷል። ሌላው ደግሞ፣ ማታ ክዳኑን ዘግቼው ካደረ ጠዋት ግማሹን ባትሪ በልቶ ነው የሚጠብቀኝ።

ከየት ልጀምር?

ሽቦአልባ፦

የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰው። ቀልድ አይደለም፣ ማሽኑ ከባድ ሥራ በማይሠራበት ሰዓት ከስክሪኑ የበለጠ ባትሪ የሚበላ ነገር ብዙ ጊዜ የለም። ስክሪኑ 120 ወይም 144 ኸርዝ ከሆነም ባትሪ ላይ ስትሆን ወደ 60 አውርደው።

ባለተርሚናሏ፦

ሽቦአልባ ያለው ልክ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት የሚጸዳ ነገር አለ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ቲኤልፒም፣ ኦቶ-ሲፒዩፍሬክም፣ ፓወርቶፕም የራሳቸው ምትሃት የላቸውም። ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ውስጥ ያሉትን ያንኑ ቁልፎች ነው የሚነካኩት። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሽረዋል፣ መጨረሻ የጻፈው ያሸንፋል። ቻርጀር ስትነቅል ወይም ከእንቅልፍ ስታነቃው ደግሞ ፉክክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። በዚህ መሃል አንተ ሴቲንጉን ብትቀይር ማን እንደሻረብህ እንኳ አታውቅም።

ስለዚህ አንዱን ብቻ ያዝ። የፓወር ሞዱ ምርጫ የጠፋብህም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ምርጫ የሚሠራው ፓወር-ፕሮፋይልስ-ዴመን በሚባለው አገልግሎት ነው፤ ቲኤልፒ እና ኦቶ-ሲፒዩፍሬክ ደግሞ ከእሱ ጋር አብረው አይኖሩም።

የእኔ ምክር፦ ሁሉንም አንሳና ፓወር-ፕሮፋይልስ-ዴመንን መልስ። ኦቶ-ሲፒዩፍሬክን ፓኬጁን ዝም ብለህ አታጥፋው፤ መጀመሪያ በራሱ የሪሙቭ ትዕዛዝ አስወጣው፣ ካልሆነ የጀመረው አገልግሎት ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። የፓወርቶፕን አገልግሎት ከጅምር ላይ አውጣው፣ ፕሮግራሙን ግን አቆየው። መለኪያችን እሱ ነው።

ከዚያ ሪስታርት አድርግ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ብራውዘሩን ዝጋና ጥቂት ደቂቃ ተወው። ፓወርቶፕን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ስታስነሳው የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ባትሪው በስንት ዋት እየፈሰሰ እንዳለ ይነግርሃል። ከሥሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰጠው ግምት ነውና ብዙም አትመነው። የላይኛውን ቁጥር ብቻ ያዝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 54 ዋት-ሰዓት ያለው ባትሪ 18 ዋት እየበላ 3 ሰዓት ይሄዳል። 9 ዋት እየበላ 6 ሰዓት። ቁጥሩን ይዘህ ና።

ንጋት_ኮከብ፦

እሺ፣ ሁሉንም አነሳሁ። የፓወር ሞድ ምርጫው ተመልሷል፣ ፓወር ሴቨር ላይ አድርጌዋለሁ። ማውሱም መተኛቱን ትቷል።

የስክሪኑ ብርሃን 40 በመቶ፣ ብራውዘር ዝግ፣ ዋይፋይ ክፍት። ምንም ሳይሠራ 17.3 ዋት ይላል። ብጠብቅም ከ17 አይወርድም። ይሄ ብዙ ነው?

ባለተርሚናሏ፦

በጣም። ምንም ሳይሠራ፣ በዚህ ብርሃን፣ ከ10 በታች መሆን ነበረበት። የሆነ ነገር አልተኛም።

አሮጌ_ቡት፦

ልጆች፣ ነገሩን አታወሳስቡት። ገቨርነሩን (የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነውን) ፓወርሴቭ ላይ ማድረግ ነው፣ አለቀ። እኛ ድሮ ላፕቶፕ-ሞድ-ቱልስ ጭነን፣ ፕሮሰሰሩን ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ቸንክረን ነው የኖርነው።

የከርነል_ወዳጅ፦

ጋሼ አሮጌ ቡት፣ በእርስዎ ጊዜ ልክ ነበር። አሁን ግን ስሙ ሰውን እያሳሳተ ነው። ከ2011ዎቹ ሳንዲ ብሪጅ ወዲህ ያሉት ኢንቴሎች አብዛኞቹ ኢንቴል-ፒስቴት በሚባለው ድራይቨር ነው የሚሄዱት። እሱ ላይ ፓወርሴቭ የሚለው ገቨርነር ፕሮሰሰሩን ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አያስርም። እንደ ሥራው መጠን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ባለጥያቄው ሄዶ ቢያይ አሁንም ፓወርሴቭ ላይ እንደሆነ ያገኘዋል።

ዋናው ቁልፍ ኢፒፒ የሚባለው ነው። ለፕሮሰሰሩ «ፍጥነት ይበልጥብሃል ወይስ ቁጠባ?» ብሎ የሚነግረው እሱ ነው። ፓወር ሞዱን ከባላንስድ ወደ ፓወር ሴቨር ስትቀይር ከኋላ የሚቀየረው በዋናነት ይኸው ነው። ኤኤምዲም ተመሳሳይ ነገር አለው። ኤኤምዲ-ፒስቴት በ2022 ከከርነል 5.17 ጋር ገባ፣ በኢፒፒ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ በ2023 ከ6.3 ጋር መጣ።

ፍጥነቱን በግድ ዝቅ አድርጎ ማሰር ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም። ፕሮሰሰሩ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ቢተኛ ይሻላል። ቀስ እያለ ረጅም ሰዓት ነቅቶ ሲቆይ ሌላውንም ሁሉ አብሮ ያስመሻል።

አሮጌ_ቡት፦

ይሁን፣ ተማርን። ቱርቦውን (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን) ማጥፋትስ?

የከርነል_ወዳጅ፦

እሱ ይጠቅማል፣ በተለይ ፋኑ ለሚጮህበት ሰው። ኢንቴል-ፒስቴት ማውጫ ውስጥ ኖ-ቱርቦ የሚል ፋይል አለ፣ 1 ሲጻፍበት ቱርቦ ይጠፋል። ግን የሚታየው ከባድ ሥራ ላይ ነው። የዚህ ልጅ ችግር ሥራ ፈትቶ 17 ዋት መብላቱ ነው።

ሦስተኛው_ዓይን፦

ኤንቪዲያው ነው። ሥራ ፈትቶ ይህን ያህል የሚበላ ላፕቶፕ ሁለት ግራፊክስ ካለው እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ያንን ነው።

አየው፣ ካርዱ መተኛት ይችላል። የኤንቪዲያ ድራይቨር ከቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ካርዱን ሥራ ሲፈታ ሙሉ በሙሉ ከኃይል ማላቀቅ ይችላል። ቱሪንግ ላይ ራስህ ማብራት ይኖርብሃል። ያንተ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው አምፒር ስለሆነ ድራይቨሩ ራሱ ነው የሚያበራው። ጥያቄው የሚቀሰቅሰው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው።

ስታጣራ ግን ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይን እንዳትጠቀም! ያ ትዕዛዝ መልስ ለማምጣት ካርዱን ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ነቅቶ ነው የምታገኘው። ይልቅ በፋይል ሥርዓቱ በኩል ተመልከት። ሲስ ውስጥ፣ ባስ፣ ከዚያ ፒሲአይ፣ ከዚያ ዲቫይስስ የሚለው ማውጫ ውስጥ የካርዱን ቁጥር ፈልግ፤ ቁጥሩን ኤልኤስፒሲአይ የሚለው ትዕዛዝ ይነግርሃል። በዚያ ሥር ፓወር የሚል ፎልደር፣ እዚያ ውስጥ ረንታይም-ስታተስ የሚል ፋይል አለ። ሰስፔንድድ ካለህ ተኝቷል። አክቲቭ ካለህ አንድ ነገር ይዞታል።

እንዲያውም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ላፕቶፖች ላይ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው በቀጥታ ከኤንቪዲያው ጋር ነው የተገናኘው። ውጫዊ ስክሪን ከሰካህ ካርዱ አይተኛም፣ ምንም ብታደርግ። ሰው ይሄን ሳያውቅ ሴቲንግ ሲቀይር ይውላል።

ንጋት_ኮከብ፦

አክቲቭ ይላል። ኤችዲኤምአይ ላይ ምንም አልሰካሁም፣ ጌምም አልከፈትኩም።

ሦስተኛው_ዓይን፦

ከላይ ባር ላይ ሙቀት ምናምን የሚያሳይ ኤክስቴንሽን አለህ?

ንጋት_ኮከብ፦

አለኝ!! የፕሮሰሰር፣ የራም፣ የግራፊክስ ሙቀት በየሁለት ሰከንዱ ያሳየኛል። እሱ ነው እንዴ?

ሦስተኛው_ዓይን፦

በየሁለት ሰከንዱ «ስንት ዲግሪ ነህ?» እያለ እየቀሰቀሰው እንዴት ይተኛ? የግራፊክሱን ብቻ አጥፋና የፓወርቶፕን ቁጥር ተመልከት።

ንጋት_ኮከብ፦

አጠፋሁት። ፋይሉን ደጋግሜ እያነበብኩ ተቀመጥኩ። አክቲቭ፣ አክቲቭ፣ ከዚያ ሰስፔንድድ። ፓወርቶፑ ላይ 17.1 ነበር፣ ቀጥሎ 13.6፣ ከዚያ 9.4 ሆነ። አሁን 7.8 ላይ ቆሟል። ፋኑም ዝም አለ!

እጃችሁ ይባረክ። ይህን ሁሉ ጊዜ ባትሪዬን የበላው ስለ ባትሪዬ የሚነግረኝ ነገር ነው ማለት ነው።

ሽቦአልባ፦

😂😂 ጠባቂው ራሱ ሌባ ሆኖ ተገኘ።

ባለተርሚናሏ፦

ደስ ይላል። ኤንቪዲያውን ጭራሽ የማትፈልገው ከሆነ ፕራይም-ሴሌክት በሚለው ትዕዛዝ ኢንቴል ብቻ እንዲሆን ማድረግ ትችላለህ። አንዳንዴ የምትጠቀምበት ከሆነ ግን ኦን-ዲማንድ ላይ ተወው። አሁን እንደሚተኛ አይተሃል።

ስለ ማውሱ ደግሞ፣ ጥፋቱ የፓወርቶፕ ኦቶ-ቲውን ነው። ያገኘውን ሁሉ የዩኤስቢ መሣሪያ ያስተኛል፣ ማውስና ኪቦርድ ሳይለይ። ቲኤልፒ በዚህ በኩል ይሻላል፤ የዩኤስቢ ማውስና ኪቦርድን አይነካም። እኔ ኦቶ-ቲውንን ለማንም መክሬ አላውቅም። ማየት ለሚፈልግ ፓወርቶፕ ግሩም ነው። ማስተካከሉን ለሌላ ይተውለት።

ፀጥታ፦

የሌሊቱ ነገር ተረሳ። እኔ ላንሳው።

ላፕቶፕ ሲዘጋ የሚተኛባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። የድሮው ኤስ3 ወይም ዲፕ ይባላል። ከራሙ በስተቀር ሁሉም ነገር ይጠፋል። አዲሱ ኤስ2አይድል ነው። ማሽኑ ዝም ይላል እንጂ በደንብ አልጠፋም። ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ እንደሚጠብቀው ዓይነት ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ በሚገባ ከተኙ ብዙም አይበላም። አንዱ ነቅቶ ከቀረ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያፈሰዋል፣ ቦርሳ ውስጥም ያግላል።

የትኛው ላይ እንዳለህ ለማወቅ ሲስ ውስጥ ፓወር የሚለው ማውጫ ሥር ሜም-ስሊፕ የሚለውን ፋይል አንብበው። ሁለቱንም ስም ከጻፈልህ፣ በቅንፍ የታቀፈው አሁን የምትጠቀምበት ነው። ዲፕ ከቅንፍ ውጭ ቆሞ ካገኘኸው እድለኛ ነህ። ግራብ (ሊኑክሱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ለከርነሉ ሜም-ስሊፕ-ዲፎልት እኩል ይሆናል ዲፕ የሚል ትጨምርለታለህ፣ አፕዴት-ግራብ ታስኬዳለህ፣ ሪስታርት። ከዚያ በእንቅልፍ ገብቶ በሰላም መነሳቱን ቀን ላይ ሞክረው። ዲፕ አለ ማለት ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም።

ኤስ2አይድል ብቻ ከሆነ የሚታየው፣ አምራቹ ዲፕን አውጥቶታል ወይም ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት የራሱ ሴቲንግ) ውስጥ ደብቆታል። አንዳንድ ቲንክፓዶች ባዮስ ላይ የእንቅልፍ ዓይነቱን ሊኑክስ የሚል ምርጫ ላይ ስታደርገው ይመለሳል። ብዙ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ግን የለም፣ በቃ።

ንጋት_ኮከብ፦

ኤስ2አይድል ብቻ ነው የሚለው። ባዮሱም ውስጥ ምንም የለም። ግን ኤንቪዲያው ይነቃ የነበረው ያው ኤክስቴንሽን ሊሆን አይችልም? ክዳኑ ተዘግቶም ይጠይቀው ነበር?

ፀጥታ፦

አይ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ፕሮግራሞች ሁሉ ይቆማሉ። ሌላ ምክንያት ይኖራል። ዛሬ ማታ ስትዘጋውና ነገ ስትከፍተው ስንት በመቶ እንደሆነ ያዝ። ዩኤስቢ ላይ የተሰካ ነገር ካለ ንቀል፤ የማውሱ ቁራጭ መቀበያ እንኳ ይቀስቅሰው ይሆናል። ፕሮክ ውስጥ ኤሲፒአይ ሥር ዌክአፕ የሚል ፋይል አለ፣ ማን ማሽኑን መቀስቀስ እንደተፈቀደለት ይዘረዝርልሃል።

ካልተሻለ ያለው መንገድ ሰስፔንድ-ዜን-ሃይበርኔት ነው። መጀመሪያ ይተኛል፣ የወሰንክለት ጊዜ ሲያልፍ ራሙን ዲስክ ላይ ገልብጦ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ጊዜውን ሲስተምዲ ስሊፕ ኮንፍ ፋይል ላይ ሃይበርኔት-ዲሌይ የሚለው ቦታ ላይ ትወስናለህ። የራምህን ይዘት የሚችል ስዋፕ (ራምን የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ያስፈልግሃል። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር ይዞ እንዳይነሳ የሚከለክለው) በርቶ ከሆነ ግን ኡቡንቱ ላይ ከርነሉ ሃይበርኔትን ይከለክላል።

ባለተርሚናሏ፦

ለዚህ ሲባል ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት አልደግፍም። ኤስኤስዲ ያለው ማሽን ዘግቶ ለመክፈት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ማታ ዝጋው።

ፀጥታ፦

እህቴ፣ 30 ታብ ከፍቶ የሚያድር ሰው «ዝጋው» ሲሉት አይሰማም 😄 ምርጫው የእሱ ነው።

ንጋት_ኮከብ፦

ማታ 80 ላይ ዘጋሁት፣ የማውሱን መቀበያ ነቅዬ። ጠዋት 74። ይሄ ለእኔ በቂ ነው፣ ሃይበርኔቱን ተውኩት።

ሽቦአልባ፦

80 ካልክ አይቀር፣ ቻርጁ 80 ላይ እንዲቆም ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? የእኔ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ነው የሚውለው።

የከርነል_ወዳጅ፦

ጥሩ ነው ያሰብከው። ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ 100 ላይ፣ በተለይ እየሞቀ መዋል አይወድም። ከርነሉ ለባትሪው ቻርጅ-ኮንትሮል-ኤንድ-ትሬሾልድ የሚል ፋይል ካቀረበ እዚያ 80 መጻፍ ነው። ቲንክፓድና ብዙ አሱሶች ላይ አለ። ቲኤልፒ ካለህ የስታት ትዕዛዙን ለባትሪ ስታስኬደው ማሽንህ ይችል እንደሆነ በግልጽ ይነግርሃል። 75 ሲደርስ ጀምር፣ 80 ላይ አቁም ማለትም ትችላለህ። በ2025 የወጣው የግኖም ዴስክቶፕ ስሪት 48 ደግሞ ይህንኑ ሴቲንጉ ውስጥ አስገብቶታል፣ ተርሚናል አያስፈልግም። አንዳንድ ላፕቶፕ ግን በባዮስ በኩል ካልሆነ አይሆንም።

እግረ መንገድህን ኢነርጂ-ፉል እና ኢነርጂ-ፉል-ዲዛይን የሚሉትን የባትሪውን ፋይሎች አወዳድር። የመጀመሪያው ባትሪህ አሁን የሚይዘው ነው፣ ሁለተኛው አዲስ ሲሆን ይይዝ የነበረው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የትኛውም ሴቲንግ አይመልሰውም።

ፊልም_አይለፈኝ፦

እኔ ሥራ ስፈታ 6 ዋት ነኝ፣ ምርጥ። ብራውዘር ላይ ቪዲዮ ስከፍት ግን 19 ይገባል። አሮጌ 8ኛ ትውልድ ኢንቴል ነው።

ሦስተኛው_ዓይን፦

ቪዲዮውን ፕሮሰሰሩ እየፈታው ነው ማለት ነው። ያ የግራፊክሱ ሥራ መሆን ነበረበት። መጀመሪያ ቪኤ-ኢንፎ የሚለውን ትዕዛዝ አስኪድ፣ ካርድህ የትኞቹን የቪዲዮ ዓይነቶች እንደሚፈታ ይዘረዝራል። ባዶ ከሆነ ድራይቨር ጎድሎሃል፤ ላንተ ኢንቴል-ሚዲያ-ድራይቨር ነው። ከዚያ ቪዲዮ ከፍተህ ኢንቴል-ጂፒዩ-ቶፕን ተመልከት። ቪዲዮ የሚለው መስመር ዜሮ ላይ ከተገተረ ግራፊክሱ አልተነካም።

ካንተ ማሽን ጋር የምጠረጥረው ሌላም አለ። አንዳንድ ድረ-ገጾች አሁን ብዙ ቪዲዮ በኤቪ1 (አዲስ የቪዲዮ ማመቂያ ዓይነት) ነው የሚልኩት። ኢንቴል ኤቪ1ን በሃርድዌር መፍታት የጀመረው በ11ኛው ትውልድ ነው። 8ኛው አይችልም፣ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ይሸከመዋል። ብራውዘሩ ኤቪ1ን እንዳይቀበል አድርግ፣ ድረ-ገጹ ወደ ቪፒ9 ወይም ኤች264 ይመለሳል። ካርድህ ሁለቱንም ይችላል።

ፌዶራ (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ በኤኤምዲ ግራፊክስ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ከ2022 ወዲህ የኤች264 የሃርድዌር መፍቻው በፓተንት ምክንያት ከነባሩ ሜሳ (የግራፊክስ ድራይቨሩ) ወጥቷል። ከአርፒኤም ፊዩዥን (ከፌዶራ ውጭ ካለ የፓኬጅ ማከማቻ) ነው የምታመጡት።

ፊልም_አይለፈኝ፦

ኤቪ1ን ከፋየርፎክስ ኮንፊግ ላይ አጠፋሁት። ወደ 10 ወረደ። ተባረክ ወንድሜ።

አሮጌ_ቡት፦

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ እንግዲህ። ቲኤልፒ ነው የምጠቀመው። ባትሪ ላይ ስሆን ሙዚቃው በቆመ ቁጥር የጆሮ ማዳመጫው «ጧ!» ይላል። ምንድን ነው?

ባለተርሚናሏ፦

ጋሼ፣ የድምፅ ቺፑ ነው። ድምፅ ሲያጣ ቲኤልፒ ያጠፋዋል፣ ሲጠፋና ሲበራ ነው የሚጮኸው። ኢቲሲ ውስጥ የቲኤልፒ ኮንፍ ፋይል አለ። ሳውንድ-ፓወር-ሴቭ-ኦን-ባት የሚለውን መስመር ይፈልጉና 1 ካለ 0 ያድርጉት፤ መስመሩ በመሰላል ምልክት የተዘጋ ከሆነም ምልክቱን ያንሱለት። ከዚያ ቲኤልፒን ስታርት ብለው እንደገና ያስነሱት። የሚያጡት ባትሪ ይህ ነው የሚባል አይደለም።